ለውሻ የጎነበሰው ሰፈር

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ላይ ከባጃጅ ስወርድ የቤቴ ቁልፍ ከእጄ አመለጠና አስፋልቱ ዳር ወደቀ። ላነሳ ጎንበስ ስል ሥጋ ቤቱ በረንዳ ላይ ተጋድሞ የነበረ ቀይ ውሻ ብድግ ብሎ፣ ጭራውን እግሮቹ መሃል ቀርቅሮ እግሬ አውጪኝ አለ። ድንጋይ አላነሳሁ፣ እጄንም አልሰነዘርኩ።

«ማዘር፣ ፈራሽ እኮ!» ብሎ ባለ ባጃጁ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። በአገራችን ውሻ ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ ይህቺን ያውቃታል፦ ሰው ጎንበስ ካለ ድንጋይ ይከተላል። እናቱ ትንገረው፣ ከወተቱ ጋር ይጥባው፣ እንጃ። ይህን የማይፈራ አንድ ውሻ ብቻ አውቃለሁ። እሱም ይፈራ ነበር፤ እኛ ነን ያስረሳነው። ስሙ ተዉኝ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ቡታጅራ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ገና ብዙም አልቆየም። አባቴ ሸምሱ በርበሬ ነጋዴ ነበር፤ ዛላውን በጣቱ ፈትጎ ሲያሸተው የየት መንደር እንደሆነ ይነግርሃል። ዓይኖቹ ግን ተራ በተራ ፈዘው ጠፉ። አዲስ አበባ ሄዶ ቢታይም «ዘግይተሃል» ብለው መለሱት። ታላላቅ ወንድሞቼ አዲስ አበባ ሱቅ ገብተዋል፣ እናቴ ቆጮ ትነግዳለች፤ ስለዚህ የአባቴ እጅ ለእኔ ደረሰ። ሰባተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ትምህርቴ ቀረ። ጠዋት ወደ ሱቅ፣ ቀትር ላይ ወደ መስጊድ፣ ማታ ወደ ቤት፣ እጁን ይዤ እመራዋለሁ። አባቴን እንደ ነፍሴ እወደው ነበር። ግን ጓደኞቼ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው እየተሳሳቁ ሲያልፉኝ አንጀቴ ቅጥል ይል ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ጎረቤታችን አስር አለቃ ታደሰ የወሎ ሰው ነው። የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ሚስቱ አገር ቡታጅራ መጥቶ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኗል። ጦር ካምፕ ሳለ ሥራው ቡችላ ማሳደግ ነበር፤ ለአሰልጣኞቹ የሚያስረክባቸውን ቡችሎች ከእናታቸው ጡት ጀምሮ የሚያለማምዳቸው እሱ ነው። አንድ ቀን ታደሰ ከአባቴ ሱቅ ተቀምጦ፣ ፈረንጅ አገር ዓይነ ስውር በውሻ ይሄዳል ብሎ አወራ። አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ሰንበት ብሎ ግን ራሱ አስጠራው።

«አስር አለቃ፣ ያ የውሻው ነገር የምርህን ነው?»

«በእመብርሃን! ሲመራ እኔም አይቼ አላውቅም። ቡችላ ማሳደግ ግን አውቃለሁ። መሠረቱን እንጣልና እናያለን።»

«እንግዲያው ጀምር» አለ አባቴ። «የልጄን እጅ መልቀቅ አለብኝ።»

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥስ ነበር። በዚያው እጄ ዓይኔን ጠረግኩት፤ ለማልቀስ ሰበብ አላጣሁም።

አባቴ ቀድሞ የሰፈራችንን ሼህ፣ ሼህ በድሩን ጠየቀ። «ለከብት ጠባቂ፣ ለአደን ተፈቅዷል» አሉት። «የአንተ ችግር ከዚያ ያንሳል አልልም። ግን ቤት አይግባ፤ ምራቁም አይንካህ። ከነካህ ሰባት ጊዜ ማጠብ ነው፣ አንዱን በአፈር።» ታደሰ ይህን ሲሰማ ራሱን አከከ። ካምፕ ውስጥ ቡችላ የሚያጎርሱት በእጃቸው ነበር። መላ የመጣው ከእናቴ ማድቤት ነው፤ ረጅም እጀታ ያለው የእንጨት ማንኪያ ለውሻው ብቻ ተለየ። ማንኪያውን ወገቤ ላይ ሸጉጬ ስዞር የሰፈር ልጆች «ማንኪያዋ» ብለው አወጡልኝ።

ቡችላውን የመረጥነው ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ከወለደች ውሻ ነው። ታደሰ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ድንገት ለቀቀ። ሁሉም ጆንያ ስር ተወሸቁ። አንዱ ግን ቆይቶ ብቅ አለና ቆርቆሮውን ዙሪያውን አሸተተው።

«ይሄ ነው! ሁሉም ይደነግጣል፤ ይሄኛው ግን ምንድን ነው ብሎ ተመለሰ» አለ ታደሰ።

ሰፈሩ ወዲያው ያማን ጀመር፤ እስላም ቤት ውሻ፣ ለዚያውም ሰው ሊመራ! እኛ ጋ የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት ነውና፣ አባቴ «ተዉኝ ብዬዋለሁ» አለ። በየጠዋቱ ደጅ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተዉኝ! ተዉኝ!» ሲል መስማት ነበር።

ሥልጠናው በጠዋት ነው፣ የዘቢዳር ተራራ ገና ጉሙን ሳይገፍ። «ቡችላ መጀመሪያ የሚማረው ሥራ አይደለም፣ አለመደንገጥ ነው» ይለኛል ታደሰ። ጠጠር ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ የሚንኳኳ ቆርቆሮ ላይ አስረገጥነው። የወፍጮውን ጩኸት ከሩቅ አሰማነው፤ ቀስ በቀስ እያቀረብን በመጨረሻ ደጃፉ ላይ ተኝቶ አንቀላፋ። ጋሪ ሲያልፍ፣ መናኸሪያ ውስጥ አውቶብስ ሲያንባርቅ፣ ገበያው በሰውና በአህያ ሲጨናነቅ፣ ዝም ብሎ ካየ በማንኪያ ቁራሽ ቆጮ ያገኛል። ሊልሰኝ ሲመጣ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፤ አፉን ሲሰበስብ ማንኪያዋ ትመጣለች። ቦይ ዳር ስንደርስ መቆምን ለመደ። ታደሰ ከአህያ ጭነት ጠፍር ማሰሪያ ሠራለትና መያዣ የሚሆን በትር አሰረበት፤ አባቴ በትሩን ብቻ ይይዝና ለሙከራ ከደጃችን እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳል። እኔም መስከረም ላይ ትምህርት ቤት እገባለሁ ብዬ በልቤ ቆርጬ ነበር።

ታዲያ ሙባረክ የሚባል የሰፈር ጎረምሳ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳና ተዉኝን ጎኑ ላይ አገኘው። በማግስቱ አባቴ ቦዩ ዳር ሲደርስ እንደ ልማዱ ጠርዙን በእጁ ሊዳስስ ጎንበስ አለ። ተዉኝ ተፈተለከ! በትሩ አባቴን ጎተተው፣ እሱም በግንባሩ ቦይ ውስጥ ተደፋ። ስናወጣው ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደምና ጭቃ ሆኗል።

«አልነገርንህም ሸምሱ?» አለ የተሰበሰበው ሰው።

እናቴ በነጠላዋ ደሙን እየጠረገች «በቃ!» አለች። «ልጅቷ ትምራህ። ውሻውም ይሂድልኝ።»

ታደሰ አቀርቅሮ «ካምፕ ውስጥ ድንጋይ የሚወረውር አልነበረም። ይሄን እንዴት እንደሚያስተዉት አላውቅም» አለ። አባቴ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ይዤው ወደ ቤት ስንሄድ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም፤ መስከረሜ ከእጄ ወጣ።

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። በነጋታው ሙባረክን ጆሮውን ልጠመዝዝ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ግን አሰብኩ፤ ይህን ልጅ ከምቀጣው ለምን አልቀጥረውም?

«ሙባረክ፣ ሸንኮራ ትፈልጋለህ?»

«ለምኑ?»

«ተዉኝ ሲያልፍ ጎንበስ ትላለህ። ድንጋይ ታነሳለህ። መልሰህ ታስቀምጣለህ። ወላሂ ከወረወርክ ግን እጅህን እሰብረዋለሁ።»

ገና ጎንበስ ሲል ተዉኝ ሊፈረጥጥ ተንደፋደፈ። ራቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ሙባረክ ሲጎነብስ ማንኪያ፣ ሲጎነብስ ማንኪያ። ከዚያ ጓደኞቹ ተጨመሩ፤ ከዚያ እንሰት የሚፍቁት ሴቶች፣ ጋሪ ነጂው፣ ልብስ ሰፊው ሳይቀር። ወሩ ሳያልቅ ተዉኝ መንገድ ላይ ብቅ ሲል ሰፈሩ ግራና ቀኝ ጎንበስ ቀና ይላል፤ እየሳቀም እየተሳደበም። እናቴም ድንጋይ ስታነሳ አይቻታለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ይህን ያየ መንገደኛ ነው መሰለኝ ወሬውን የረጨው፦ የሸምሱ ልጅ ሰፈሩን ለውሻ ታሰግዳለች! ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሼህ በድሩ ሽማግሌዎች አስከትለው ደጃችን መጡ። አባቴ ደጅ ወጥቶ ቆመ። ሼሁ «ይውጣ» ካሉ ነገሩ እንዳበቃ ሁላችንም እናውቃለን።

«ዘይቱና፣ ሰው ለውሻ ይሰግዳል የሚል ወሬ ሰማሁ» አሉኝ።

«አስተግፊሩላህ! ሼሃችን፣ አይሰግዱም!» አልኩ። «ድንጋይ አንስተው አይወረውሩም፤ ይኸው ነው። አባቴ ጎንበስ ሲል እንዳይጥለው ነው።»

ሼሁ ወደ ውሻው ዞሩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ለአንዱ ሽማግሌ አቀበሉ።

«እስቲ እኔ ላንሳ። ማሰሪያውን ልቀቂው።»

ታደሰን አየሁት፤ ራሱን ነቅንቆ «ልቀቂ» አለኝ። ለቀቅኩት። ሼህ በድሩ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ቀስ እያሉ ጎነበሱና ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አነሱ። የተዉኝ ጆሮ ወደ ኋላ ተጣጠፈ፤ የኋላ እግሮቹ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። የሼሁን እጅ አየ፤ ወደ ማንኪያዬ ዞረ፤ እንደገና የሼሁን እጅ አየ። ከዚያ ቁጢጥ አለ።

ሼሁ ድንጋዩን ጣሉት። ቀና ሊሉ ሞክረው ግን አልሆነላቸውም።

«ያ ረቢ፣ ወገቤን! ማነው የሚያቃናኝ?»

አባቴ ድምፁን ተከትሎ እጁን ሰደደና ክንዳቸውን አግኝቶ አቃናቸው። ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ፤ እኔ አለቀስኩ፣ በዚያን ጊዜ በርበሬም አልነበረም።

«ይሄ ስግደት አይደለም፣ ድንጋይ መተው ነው» አሉ ሼሁ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «እናንተም በየደጃችሁ ተለማመዱ።»

በዚያ መስከረም አልገባሁም፤ ተዉኝ ገና ቡችላ ነበር። በሚቀጥለው መስከረም ግን ስምንተኛ ክፍል የምገባ ቀን አባቴ ካፖርቱን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ ደጅ ጠበቀኝ። «ዛሬ የምሸኝሽ እኔ ነኝ» አለኝ። ከኋላቸው ሄድኩ። ቦዩ ዳር ተዉኝ ቆመ፤ አባቴ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ዳሰሰ፤ ተዉኝ ንቅንቅ አላለም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አባቴ «ግቢ» አለኝና ዞሮ ተመለሰ። የወፍጮ ቤቱን ጥግ እስኪታጠፉ ቆሜ አየኋቸው። እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር፤ ባዶ መሆን አልለመደም ነበር።

ዛሬ አባቴም፣ ታደሰም፣ ተዉኝም የሉም። እኔ አስተማሪ ሆኛለሁ፤ ፀጉሬም መሸበት ጀምሯል። ትናንት ደግሞ ሥጋ ቤቱ ጋ ሄጄ ሆን ብዬ ጎነበስኩና ባዶ እጄን ዘረጋሁ። ቀዩ ውሻ ሮጠ፤ ግን የኤሌክትሪክ ምሰሶው ጋ ሲደርስ ቆሞ ዞሮ አየኝ። ባለ ሥጋ ቤቱ «ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ የእንጨት ማንኪያ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።