በር ላይ የተቀመጠችው የስፌት መኪናዬ

«ሰላምታዬንም ከጨርቁ ጋር እየሰፋሽው ነው እንዴ?» አሉኝ ጎረቤታችን አሮጊት፣ ፊት ለፊቴ ቆመው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ነገሌ ላይ ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። በኦሮምኛ «አካም፣ እንዴት ነህ» ይባላል፣ «ናጋ፣ ሰላም» ይባላል፣ ከዚያ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ይጠየቃል። እኔ እግሬን ከፔዳሉ ሳላነሳ «ናጋ፣ ናጋ» እያልኩ እሰፋለሁ። መኪናዋን ለብርሃን ብዬ በሩ ላይ ስላስቀመጥኳት የሚገባ ሁሉ እኔን ታክኮ ነው የሚያልፈው።

የወንድሜ ሚስት አልጋው ላይ ሆና ሰማች። ቤቱ የሷና የወንድሜ ነው፣ አንድ ክፍል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የተጠጋኋቸው ነኝ። እሷ የመውለጃዋ ወር ገብቷል።

«ስሚ» አለችኝ የወንድሜ ሚስት፣ አሮጊቷ እንደወጡ። «አራስ ጠያቂ መኪና እየዘለለ አይገባም። ወይ ቦታ አብጂላት፣ ወይ ትውጣ።»

አበጀሁላት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ የሚሰፋ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል። መጀመሪያ ወለሉን ባዶ አደረግሁ። አንድ ጣውላ ግድግዳው ላይ መትቼ በምስማር ሞላሁትና ክሮቹን ሰካሁበት። መቀሱም የራሱ ምስማር ተሰጠው፤ ድሮ ወንድሜና ሚስቱ ካርቶን ሲቆርጡበት ነበር የማገኘው። የየደንበኛው ጨርቅ ከነልኬቱ ወረቀት ለብቻው በፌስታል ታስሮ አልጋ ስር ገባ። ነጭ ጨርቅ ሁለት ፌስታል ይፈልጋል፣ የኛ ቀይ አቧራ በአንዱ አይመለስም። ቁርጥራጩን ማዳበሪያ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ፣ ሲሞላ ትራስ ይሆናል። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥቼ በገመድ አሰርኩና ጠዋትና ማታ ወለሉ ላይ እጎትተዋለሁ። ሕፃን በሚመጣበት ቤት መርፌ መሬት ላይ መቅረት የለበትም።

መኪናዋን ቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ጥጉ ውስጥ ከተትኳት። ቤቱ አማረ።

«አሁን ሰው መሰልሽ» ብላ ሳቀችብኝ የወንድሜ ሚስት።

መስኮታችን ግን አንድ ነው፣ እሱም አልጋው ራስጌ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። የአንዲት ልጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በእጄ ነበር፣ ቸኮልኩና በዳበሳ ጨረስኩት። በማግስቱ የልጅቷ እናት ይዛው መጣች።

«አንቺ፣ አንዱ እጅጌ እኮ ተገልብጦ ነው የተሰፋው! ልጄን መሳቂያ ልታደርጊያት ነው?»

ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት። እንዲህ ሁለቴ ከተደገመ ማንም ጨርቅ አያመጣልኝም። እሷ እንደሄደች ወደ ወንድሜ ሚስት ዞርኩ።

«አልጋውን ወደ ጥጉ እንውሰደው፣ መኪናዋ መስኮቱ ስር ትሁን» አልኳት።

«አራስ ሆኜ ጨለማ ውስጥ ልተኛ?»

«እኔስ ጨለማ ውስጥ ልስፋ?»

«አንቺ ውጪም መስፋት ትችያለሽ። እኔ ውጪ ልውለድ?»

እውነቷን ነው።

ገበያ ሄድኩ፣ ጨርቅ የሚሸጡልኝ ባለሱቅ ዘንድ። በረንዳቸው ላይ ሦስት ወንዶች ይሰፋሉ።

«እትዬ፣ ለአንድ መኪና ቦታ ይኖርዎታል?»

«ወንዶቹ መሃል ነው፣ አታፍሪም?»

«ብርሃኑ እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ» አሉኝና ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

ቤት ተመልሼ ከወንድሜ ጋር መኪናዋን ከብረት እግሯ ፈታን። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ ታያለች።

«ለእራት ነይ» አለችኝ። «መኪናዋን እንጂ አንቺን አላስወጣሁም።»

«እመጣለሁ» አልኳት።

መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከእግሯ ጋር የተከራየሁት ጋሪ ላይ ጫንኩ። በአንድ እጄ ደግፌያት፣ ከጋሪው ጎን እየተራመድኩ ወደ ገበያ ወረድኩ።