ከናሙናው ሥር የቀረው ማግኔት

ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው፣ ቀንድ የመሰሉ ሁለት አንቴናዎች ፊት ለፊት በተፋጠጡበት ጠባብ የመለኪያ ክፍል ውስጥ ነው። በመካከላቸው ብረት የተቀላቀለበት ጥቁር የሸክላ ናሙና ያቆማል፤ የሬዲዮ ሞገድ መጀመሪያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል። ሁለቱ ልኬቶች ካልተካከሉ ውጤቱ ላይ አይፈርምም። በሄደበት የሚያልፍ ሞገድ በዚያው ይመለሳል፤ ሕጉ ነው። ባልደረቦቹ "መልሰህ ለካ" የሚል ስም አውጥተውለታል።

ይህን ሕግ ቤቱም ይዞት ገባ። እንደ ሁለተኛ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ፣ እናታቸው ከተቀበረች ወዲህ ደጁን ረግጣ አታውቅም።

"ደጄ ክፍት ነው" ይላል ሲጠየቅ። "ከኔ ቤት እሷ ቤት ያለው መንገድ፣ ከሷ ቤት ወደኔም ያው ነው። ትምጣ።"

ልቧ ታሞ ሆስፒታል ገባች፣ ነገ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል፣ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጡም ብለው ዘመዶች ሲነግሩት እንኳ "ታስጠራኝ" አለ።

ይህን በሰማበት ጠዋት ናሙናው አስቸገረው። ከቀኝ የላከው ደህና ያልፋል፤ ከግራ የላከው ውሃ በላው። ገመድ ቀየረ፣ አንቴናዎቹን አቀያየረ፤ ወይ ፍንክች።

"ይሄ ቁስ ጤና የለውም፤ ይጣል!" አለና ሊያነሳው ሲጎነበስ፣ ጣቱ ከማስቀመጫው ሥር ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ከትናንቱ ልኬት የቀረ ማግኔት ነበር። እንዲህ ያለ ቁስ ማግኔት ሲጠጋው ሂያጁን ከመጪው ይለያል፤ አንዱን አሳልፎ ሌላውን ያስቀራል።

"አይ መልሰህ ለካ!" ሳቀ ባልደረባው። "ምስኪኑን ቁስ ስትከስ፣ ማግኔቱን ማን አስቀምጦት ኖሯል?"

"እኔ ነኛ" አለ። አልሳቀም።

በቀብሩ ዕለት፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "እማዬን ያስታመምሻት ቤቷን ለመውረስ ነው" ብሏት ነበር። ያንን ቃል ካኖረበት አላነሳውም።

ነጭ ጋውኑን ሳያወልቅ ወደ ሆስፒታሉ ወጣ።

"እትዬ" አላት አልጋዋ አጠገብ ቆሞ።

ዓይኗን ገለጠች። "ውይ፣ ሐኪም መስለህ አስደነገጥከኝ! ማን ጠራህ?"

"ማንም። ያን ቀን ያልኩሽ... ውሸት ነበር።"

"ውሸትነቱንማ መች አጣሁት። ካንተ አፍ ይውጣ ብዬ ነው እንጂ።" እጁን ፈልጋ ያዘች። "ነገ ስነቃ እዚሁ ልይህ።"

"እዚሁ ነኝ።"

በማግስቱ እዚያው ነበር። እሷ ግን አልነቃችም።