ንጋቷ ጊታሯን ስትቃኝ

ንጋቷን ዛሬ ሚዛን ገበያ ላይ ኮረሪማ ስትሸጥ የሚያያት ሰው «ዝምተኛ ናት» ይላል። ዝምተኛ! እኔ ሀጂራ እስካለሁ ድረስ ይህን ስም አልቀበልላትም።

በሰባ ሁለት ዓ.ም. ቀበሌው የእነንጋቷን ጸሎት ቤት ሲያሽግ አግዳሚ ወንበሮቹን ለአዳራሹ፣ ጊታሩን ለኪነት ቡድኑ ወሰደ። ጊታሩን የሚያውቅበት ሌላ ሰው ስላልተገኘ ንጋቷም ከጊታሩ ጋር ተወረሰች። እኔ በኪነቱ ተቀባይ ነበርኩ። የአባቴ የቡና መጋዘን ተወርሶ የቀበሌው እስር ቤት ስለሆነ የእኔም ነገር ከእሷ ብዙ አይለይም።

አባቷ ጋሽ ማቴዎስ የጸሎት ቤቱ ደወል መቺ ነበሩ። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነው። ሦስቴ ረገጥ፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ አድርገው ይመቱታል፤ እኔ ሙስሊሟ እንኳ እሑድ መሆኑን የማውቀው በዚያ ነበር። ቀበሌው ለስብሰባ መጥሪያ ሊያደርገው ሲመጣ «አልሰጥም» ብለው ቸርኬው ላይ ተጠመጠሙ። ቸርኬውም ተወሰደ፣ እሳቸውም ከአዳራሹ ጀርባ አባቴ መጋዘን ውስጥ ታሰሩ።

የቀበሌው ካድሬ ወልደአማኑኤል ይባላል። «አማኑኤል የሚባል የለም» እያለ የሚሰብክ ሰው በዚህ ስም ሲጠራ ሳቄ ይመጣ ነበር። እሱም ሳያሳፍረው አልቀረም፣ «ጓድ ወልዴ በሉኝ» ይላል። ይህ ሰው ጋሽ ማቴዎስን «ልጅህ ሃይማኖቷን ክዳ የእኛ ሆናለች» አላቸው። ኪነቱ ሲለማመድ ጊታሯን በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ይሰሙ ስለነበር አመኑት። ከዚያ ወዲያ ንጋቷ የምታመጣላቸው የተቀቀለ ጎደሬ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። እስረኛ ማነጋገር ክልክል ነው፤ ምግቡን የሚያስገባው ዘበኛው ነው።

«ከእጇ አልበላም ብለዋል» አላት አንድ ቀን። «ሌሎቹ ቁራሽ ባይሰጧቸው ኖሮ አልቆላቸው ነበር።»

ያን ቀን አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ስታለቅስ አላየኋትም።

በሰኔ ከጅማ የመጣ የጦር ሠራዊት ኪነት በከተማችን አለፈ። ጊታር ተጫዋቹ ባዘዘው የሚባል ወታደር ነበር። ሲቃኝ ጣቱን ክሩ ላይ ጣል አድርጎ ሲያነሳ ክሩ እንደ ደወል ጮኸ። ንጋቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነው እሱ?»

«ከተጫንሽው ይሞታል። እዚህች ብረት ትክክል ላይ ንኪው፤ ስትመቺው ልቀቂው። እኛ ለመቃኛ ነው የምንጠቀምበት።»

ማውራት ቀላል ነው። ንጋቷ ግን ከልጅነቷ ጀምራ ክር ስትጫን የኖረች፣ የጣቷ ጫፍ የደደረ ልጅ ናት። የነካች እየመሰላት ትጫናለች፤ ድምፁ እፍን ብሎ ይቀራል። ቶሎ ስትለቀው ደግሞ ተራው ድምፅ ይወጣል። በዚያ ላይ የሚዛን ክረምት አለ! ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድብ ያቺ ቀጭን ድምፅ መውጣቷም አይታወቅ። ጆሮዋን ጊታሩ ላይ ለጥፋ ትሞክራለች። የደደረውን የጣቷን ጫፍ በምላጭ ስትፍቅ ባየኋት ጊዜ ተናደድኩ።

«ለመቃኛ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

«ሌላውን ዘፈን ሁሉ ሲሰማ የእነሱ ነው የሚለው» አለችኝ። «ይህን ግን አባዬ ያውቀዋል።»

ያኔ ገባኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ነሐሴ ሳያልቅ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

የአብዮት በዓል ዕለት ሕዝቡ አዳራሹ ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ግማሹ የጸሎት ቤቱ ሰው ነው፤ መቅረት ያስቀጣላ። ንጋቷ ጓድ ወልዴ የገጠመውን፣ አማኞችን የሚሰድብ ዘፈን ብቻዋን እንድትዘፍን ታዝዛለች። ሰማዩ ጠቁሯል። «ያ አላህ፣ ትንሽ ያዝልን» አልኩ በሆዴ። እሷ ማይክራፎኑን ከአፏ ዝቅ አድርጋ ወደ ጊታሩ አዞረችው። ነካች፣ ለቀቀች። ሦስቴ ረገጥ፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ።

የጸሎት ቤቱ ሰዎች ቀና ቀና አሉ።

«ምንድነው እሱ?» አለ ጓድ ወልዴ።

«እየቃኘሁ ነው ጓድ።»

ደገመችው። ከመጋዘኑ ምንም አልተሰማም። ከንፈሯን ነክሳ እንደገና መታችው። ያኔ የአባቴ መጋዘን ቆርቆሮ በቡጢ ተደበደበ፤ ሦስቴ ረገጥ፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ። እትዬ ዓለምሸት፣ የጸሎት ቤቱ አሮጊት፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። ከዚያ ሌላው ተነሳ፤ ከዚያ ማን ቀረ! እኔም፣ የማይመለከተኝ፣ ቆሜ ተገኘሁ።

«ዝፈኚ!» ብሎ ጮኸ ጓድ ወልዴ።

ንጋቷ ማይክራፎኑን ወደ አፏ መለሰችው። «አልዘፍንም» አለች። ድምፅ ማጉያው ለከተማው ሁሉ አሰማላት።

እዚያው አባቴ መጋዘን አስገቧት። የሴቶቹን ክፍል ከወንዶቹ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። በማግስቱ የሁለት ሰው ጎደሬ ቀቅዬ ይዤ ሄድኩ።

«ለሽማግሌው ከማን ነው ልበላቸው?» አለኝ ዘበኛው።

«ከልጅዎ ነው በላቸው» አልኩት።

ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ።