ዱዓ የተደረገለት የካሮት ማጠቢያ

በ2017 ዓ.ም. በልግ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ካሮቱ ከነጭቃው ይነቀል ነበር። እኔም እንደ ድሮዬ በእጄ አጥባለሁ። ልጄ የሠራልኝ ማጠቢያ ግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

ማጠቢያው በብስክሌት ፔዳል የሚዞር በርሜል ነው። ልጄ የሠራው ቀዝቃዛው ውኃ ጣቶቼን ሲያደነዝዛቸው አይቶ ነው። ፓተንት አወጣበት፤ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም ሠርቶ መሸጥ አይችልም ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ብረታ ብረት ቤት ያንኑ አስመስሎ መሸጥ ጀመረ። ልጄ ሆዱ ሻከረ። "የራሴን ሥራ ሌላ ሰው ሲሸጠው እያየሁ እዚህ አልቀመጥም" ብሎ ውክልናውን ሰጠኝና አዳማ ሄደ። እኔም ማሽኑን ሸፈንኩት። እሱ በሌለበት የበርሜሉን ድምፅ መስማት አልቻልኩም።

ጠበቃ ስፈልግ ጎረቤቴ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ቢሮ ነገረችኝ።

"በፓተንት ክርክር ተረትተው አያውቁም!"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"እየተረቱማ ያን የሚያህል የመስታወት በር ከየት ያመጣሉ?"

የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ቢሮው ገባሁ። ጠበቃዋ በዕድሜ ልጄን የምታህል ሴት ናት። የሰማሁትን ስነግራት ሳቀች።

"እናቴ፣ አጋንነውልዎት ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ አልያዝንም። የረታነው አለ፤ የተረታንበትም አለ። የተረታንበት ደንበኛችን ሥራውን ሳያስመዘግብ ለሕዝብ አሳይቶት ነው።" ቀና ብላ አየችኝ። "እናንተስ?"

እኛማ አሳይተናል። በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር ያለ ዱዓ አይጀመርም። ለመውሊድ መንደሩን ጠርቼ፣ ማሽኑን ግቢው መሀል አቁመን፣ የመስጊዳችን ሼህ ዱዓ አድርገውለታል። ካሮቱ በሁሉ ፊት ታጠበ፤ ሰውም እየገመጠ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።

"ዱዓው ነው እንግዲህ ተረቺ የሚያደርገን?"

"አይዞዎት። ሠሪው ካሳየ ወዲህ ዓመት ሳይሞላ ካመለከተ ሕጉ ይቀበለዋል። መቼ እንደነበረ ግን ማስረዳት አለብን።"

ብረታ ብረት ቤቱን ከሰስን። ልጄ ያመለከተው ከመውሊዱ ቀጥሎ በመጣው ረመዳን ነው። ተከሳሹ ግን "ዱዓው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መውሊድ ላይ ነበር፤ ዓመት አልፎታል" ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩ ተጓተተ። እኔ መግሪብ ሰግጄ የግቢውን በር እያየሁ ስንት ጊዜ አመሸሁ።

ሼሁ ለምስክርነት ሲቆሙ የተከሳሹ ጠበቃ፣ "አባቴ፣ አርጅተዋል፤ ዓመቱን ተሳስተው እንዳይሆን?" አላቸው።

"ዱዓውን ያደረግሁት ከሐጅ በተመለስኩ በመጀመሪያው መውሊድ ነው። ወላሂ፣ የሚስቴን ስም እረሳለሁ እንጂ ሐጅ የሄድኩበትን ዓመት አልረሳም" ብለው የሐጁ ጉዞ ማኅተም ያለበትን ፓስፖርታቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አወጡ። ችሎት የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ።

ፍርዱ በሚቀጥለው በልግ ተሰጠ። ተከሳሹ መሥራቱን እንዲያቆም ታዘዘ። "ከረታናቸው ላይ አንድ ጨመርን" አለችኝ ጠበቃዋ እጄን ይዛ። አልሐምዱሊላህ፣ የእሷን ውለታ አልረሳም። እዚያው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሆኜ ለልጄ ደወልኩ።

"ረታን።"

"እንኳን ደስ አለሽ።"

"መቼ ትመጣለህ?"

"እማ፣ እዚህ ሥራ ይዣለሁ። ልሂድ ብል ወዲያው አይለቁኝም።"

"ማሽንህ ተመለሰልህ እኮ።"

"አውቃለሁ።" "ሰንሰለቱ ዛገ?" አለኝ።

ከሸፈንኩት ወዲህ አይቼው አላውቅም። "አይቼ እነግርሃለሁ" አልኩት።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ መስኮት ዳር ተቀምጬ አሰብኩ። ፍርድ ቤቱ የጠየቅሁትን ሁሉ ሰጥቶኛል። ልጄን ይመልስልኝ ብዬ ክሱ ላይ አላስጻፍኩም። እሱን የምጠይቀው አላህን ነው፤ እስከዛሬም የነሣኝ የለም።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ እንደወጣሁ ሸራውን ገለጥኩት። ሰንሰለቱ ዝጓል። በነጭ ጋዝ ጠርጌ ዘይት ቀባሁት። ጎረቤቴን ጠርቼ ፔዳሉ ላይ አስቀመጥኳትና በርሜሉን ካሮት ሞላሁት። መዞር ሲጀምር ለልጄ ደወልኩ፤ ምንም ሳልናገር ስልኩን ወደ በርሜሉ አስጠጋሁለት።