የተሳለምናት ድንኳን

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና የወተት ጥርሴ ሳይረግፍ፣ ጣሊያንም ደብረ ማርቆስ ሳይገባ፣ ከቁይ ገበያ በታች ካለው መስክ ላይ አንዲት ነጭ ድንኳን ተተክላ አደረች። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ አየናት። ደመና መሬት ወርዶ ያንቀላፋ ትመስል ነበር። ግንባሯ ላይ ቀይ መስቀል አለባት። የጦርነት ወሬ ሰምተው፣ የታመመ ሊያክሙ ከባሕር ማዶ የመጡ ፈረንጆች ናቸው ተባለ። እኛ ግን መስቀሏን አየን፤ በቃ! ያገሬው ሰው ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ የድንኳኗን ምሰሶ እየተሳለመ ይገባ ጀመር።

ያኔ እህቴ ከተወለደች ገና ጥቂት ሳምንቷ ነበር። ዓይኖቿ በመግል ተጣብቀው ብርሃን አላዩም። ትታወራለች ብለን ፈርተናል። እማ ታቅፋት እየሮጠች ሄደችና ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ልጅቱ ክርስትና አልተነሳች፣ የእማም የመንጻቷ ቀን አልደረሰ፤ መስቀል ካለበት እንዴት ትግባ? እኔ ቀሚሷን ይዤ ከውስጥ የሚመጣውን የመድኃኒት ሽታ እስብ ነበር፤ እንደ አረቄ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ግን ደስ ይላል።

ጎረቤታችን አያ ቢተው እጁን ታክሞ ሲወጣ አያትና፣ «ግቢ እንጂ አንቺ! ታቦት የለበትም፣ ጠርሙስ ብቻ ነው» አላት።

«ታዲያ አንተ ምሰሶውን ለምን ሳምህ፣ አያ?»

«እኔማ... ለማንኛውም ብዬ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማ ግን ንቅንቅ አላለችም። ፈረንጇ ሐኪም ነገሩን ባስተርጓሚ ስትሰማ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ሳህኗን ይዛ ወጣችና ሳሩ ላይ ተንበረከከች። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በንጹሕ ጥጥ፣ የእህቴን ዓይኖች ቀስ ብላ አጠበች፤ ጠብታም አደረገችላት። በየጠዋቱ እንዲያው እየወጣች አከመቻት። አንድ ቀን እህቴ ዓይኗን ገለጠች! እማ እልልታዋን ለቀቀችው።

ጣሊያን መጣ ሲባል ድንኳኗ ተጠቅልላ ሄደች። የነበረችበት ሳር ገርጥቶ ቀረ።

ዛሬ ጣሊያንም ደብረ ማርቆስ ላይ መድኃኒት ይሰጣል አሉ፤ ግን እጁን ሰጥቶ ለገባለት ነው። እማ ደግሞ አልገባችም። አሁን የጎረቤት ሕፃናት ዓይናቸው ሲታመም ወደ እሷ ይመጣሉ። ውሃ አፍልታ ታጥባቸዋለች፤ ጠብታው ግን የለም። አንዳንዱ ይድናል፣ አንዳንዱ አይድንም። «የሰው አገር ሰው በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ይሄዳል» ትላለች። እነዚያ የድንኳኗ ሰዎች ይመለሱ ይሆን? እንጃ። ትናንት የመጣው ሕፃን ዛሬም ዓይኑን አልገለጠም፤ እማ ለነገ ጥጥ እየፈለቀቀች ነው።