የዘበኛዋ ክሎሽ

ቤተሰቡ «ዘበኛዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ያኔ ገና አፉን የፈታ ልጅ ስለነበር ማንም አልተቆጣውም፤ እሷም ስቃ ተቀበለችው። ሠርግ በተጠራ፣ ልደት በተደገሰ ቁጥር ሰው ሁሉ ለብሶ ሲወጣ እሷ «ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?» ብላ ትቀራለች። እቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌባ የሚመኘው ዕቃ የለም፤ ያለው አንድ ያረጀ የስፌት መኪናና ግድግዳ ካልደገፈው የማይቆም ቁም ሣጥን ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የምትቀርበትንም ምክንያት ሁሉም ያውቃል፤ ግራ እግሯ ከቀኟ ያጥራል፣ ስትሄድ ታነክሳለች።

አርባን አልፋለች። የምትሠራው በአውቶቡስ መናኸሪያ ነው፣ የትኬት መስኮት ውስጥ። ጠዋት ከሰው ቀድማ ትገባለች፣ ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ትወጣለች፤ ስለዚህ ተሳፋሪው የሚያውቃት ከወገብ በላይ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሶቹ ሄደው አዳራሹ ጭር ሲል፣ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ የሚያልፉትን ጉርዶች ታያለች። ጠባቡ ጉርድ ባለቤቱን አጠር አጠር አድርጎ ያራምዳታል። ሽንሽኑ እንደ ትንፋሽ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ክሎሹ ግን ሌላ ነው። ከክብ ጨርቅ የተቆረጠ ስለሆነ፣ የለበሰችው ዞራ ከቆመች በኋላም እሱ ትንሽ ይዞራል፣ መቆሟን ገና ያልሰማ ይመስል። ያን ጊዜ የዘበኛዋ ዓይን ይፈዛል። ትኬት ፈላጊ መስታወቱን እስኪያንኳኳባት ድረስ የት እንደነበረች እሷም አታውቀውም።

አንዳንዴም ያሸልባታል፤ ያሸለባት እንደሆነ ሁሌም የምታየው ያንኑ ሕልም ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጉርዶች ብቻቸውን ይሄዳሉ። ሰው አልለበሳቸውም፣ እግር የላቸውም። ጠርዛቸው ከወለሉ እኩል ርቆ፣ ወዲያም ወዲህም ሳያዘነብል ዝም ብለው ይንሳፈፋሉ። ደስ ብሏት ትነቃለች፤ ከዚያ እግሯ ትዝ ይላታል።

ዘንድሮ ያ ስም አውጪ ልጅ ራሱ ሊያገባ ሆነ። መናኸሪያ ድረስ መጥቶ እንደ ተሳፋሪ ተሰለፈ፤ ተራው ሲደርስ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «እታለም፣ ለሠርጌ አንድ ትኬት» አላት።

«የሚሄድ አውቶቡስ የለም» አለችው።

«በእግር ነው። እማዬን ደግፈሽ አዳራሹ ውስጥ የምታስገቢያት አንቺ ነሽ። እምቢ ካልሽ ሙሽሪትን ትቼ ቤት ስጠብቅ እውላለሁ፤ ጉዱን ለአማቾቼ አንቺ ታስረጃለሽ።»

ሳቀችና እሺ አለች። ፍርሃቱ የመጣው እሺ ካለች በኋላ ነው። ከበሩ አንስቶ እስከ ፊተኛው ወንበር ድረስ ሰው ሁሉ እያየ መሄድ አለ። ገዝታ የምትለብሳቸው ጉርዶች ደግሞ በግራ በኩል ይዘቀዝቃሉ፤ ስትቆም ማነከሷ ባይታይ እንኳ ጠርዙ ያወራባታል። ክሎሽ፣ ያውም ቀጥ ብሎ የሚወርድ ክሎሽ ካገኘች ትሄዳለች። ካላገኘች ያው ዘበኛ ናት። በልቧ እንዲህ ቆረጠች።

ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ሱቅ በላይ ባለው ክፍል ለጀማሪ ስፌት የሚያስተምሩ ሴት አሉ። ስፒል በከንፈራቸው ሳይዙ ስለማያስተምሩ ተማሪዎቹ «እትዬ ስፒል» ይሏቸዋል። ምክራቸውም ስድባቸውም የሚወጣው በጥርስ መሃል ነው። ዘበኛዋ የሻይ ቀለም ጨርቅ ገዝታ እሳቸው ዘንድ ገባች።

መጀመሪያ ያስቸገራት ገበሩ ነው፣ ማለትም ወገቡ ላይ ተሰፍቶ ወደ ውስጥ የሚገለበጠው ጠባብ ቁራጭ። «ገበርን ማንም አያየውም፤ እሱ ከተጣመመ ግን ጉርዱ ሁሉ ይጣመማል» አሉ እትዬ ስፒል። አቆራረጡ ቀላል ነው፤ ጨርቁን መሃል ለመሃል አጥፎ ሁለቱን ጎን ባንድ መቀስ ማውጣት። የሌሎቹ ተማሪዎች ገበር ጸጥ ብሎ ተኛ። የሷ ግን ብትተኩሰውም፣ ፈታ ብትሰፋውም፣ በግራ በኩል እንዳኮረፈ ልጅ ከንፈር ይነሳል።

ክሎሽ ደግሞ ተቆርጦ ወዲያው ጠርዙ አይታጠፍም። ጨርቁ በራሱ ክብደት ስለሚለጠጥ ተሰቅሎ ያድራል። እትዬ ስፒል «ይተኛ፣ ሲነቃ እንለካዋለን» ይላሉ። የተማሪዎቹ ክሎሾች ከጣሪያው ሥር በገመድ ተሰቅለው፣ በመስኮቱ ነፋስ ሲገባ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ዘበኛዋ ከሥራቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሽቅብ ስታይ፣ ከታች ብረት ሲቀጠቀጥ እየሰማች፣ ሳትተኛ ሕልሟ ውስጥ የገባች መሰላት። ያን ከሰዓት በሕይወቷ ካየቻቸው ቀኖች ሁሉ አብልጣ ወደደችው።

በማግስቱ ጠርዙ ተለካ። «ቀጥ በይ» አሏት። ቀጥ ማለቱን ታውቅበታለች። ከወጣትነቷ ጀምሮ ፎቶ ስትነሳም ሆነ ሰው ሲለካት፣ ግራ ተረከዟን ከፍ አድርጋ በጣቶቿ ትቆማለች። ያልታጠፈው ጨርቅ እስከ መሬት ወርዶ ስለነበር እትዬ ስፒል አላዩባትም። በሳሙና ስባሪ ምልክት አደረጉበት፤ እሷም የተረፈውን ቆርጣ ሳትጥል አጥፋ ሳሳ ባለ ክር ወሰወሰችው።

ቤት ወስዳ ለብሳው መስተዋት ፊት ሄደች። ዘቀዘቀ። እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ ያውም ክሎሽ ሰፊ ስለሆነ ከሌሎቹ ብሶ በግራ በኩል ዘቀዘቀ። ቅስሟ ተሰበረ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ለወንድሟ ምን እንደምትለው ማሰብ ጀመረች።

ትምህርቱን አቋርጣለሁ ልትል ብትሄድም እትዬ ስፒል አልሰሟትም፤ እሳቸው ሐሳባቸው ገበሩ ላይ ነው። «ልክሽ የነበረ አሮጌ ጉርድ የለሽም? ፍቺውና እንየው» አሏት።

አንድ ነበራት። ልጃገረድ ሳለች እናቷ የሰፋችላት ሰማያዊ ጠባብ ጉርድ ነው። አሁን ወገቧን አይዞርም፤ መጣል ግን አሳዝኗት ሣጥን ውስጥ ኖሯል። እትዬ ስፒል ዘንድ ይዛው ሄዳ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታችው፤ ቁርጥራጮቹን መሃል ለመሃል አጥፋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ግራና ቀኙ አልገጠመም። የግራው ጎን ከላይ በጣት ያህል ያንሳል። ገበሩም እንደተማሩት ባንድ መቀስ የወጣ አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ቁራጮች መሃል ላይ ተጋጥመዋል።

«ቆራጯ እያንቀላፋች ነበር መሰለኝ!» አለች ከተማሪዎቹ አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ዘበኛዋም ሳቀች።

እትዬ ስፒል ስፒሎቹን ከአፋቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩ። ይህን ሲያደርጉ ያየ ተማሪ አልነበረም። «አላንቀላፋችም» አሉ። «አካሏን በደንብ አውቃ፣ ግራውን ለግራ፣ ቀኙን ለቀኝ ለየብቻ ነው የቆረጠችው። ሰው እኮ እንደ ጨርቅ መሃል ለመሃል አይታጠፍም። ማን ናት?»

«እናቴ ናት» አለች ዘበኛዋ፣ ቁርጥራጮቹን እየሰበሰበች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ እግርም ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ሰማያዊ ጉርድ ትምህርት ቤት ተመላልሳለች፣ ገበያ መሃል ሮጣለች፣ ሰው መሃል ስቃ ቆማለች፤ እግሯ ይህን ያህል ጉዳይ ሆኖ ትዝ ብሏት አያውቅም ነበር። ከዚያ ወንድሟ በተወለደ ሰሞን እናቷ ታመመች። ስትነሳ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የስፌት መኪናው ጨርቅ ለበሰ፣ ጉርድም ከሱቅ ይገዛ ጀመር። የተገዛው ሁሉ ሲዘቀዝቅ ጊዜ ልጅቷ እግሬ ባሰበት ብላ አሰበች። ቤት መጠበቅ የጀመረችው ያኔ ነው። እግሯ እንደሆነ ያው እግሯ ነበር። የተለየው የእናቷ እጅ ነው።

ቤት ስትደርስ እናቷ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። የተፈታውን ጉርድ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቷ ጨርቁን አገላብጣ አየችው። «ምን ብዬ ልንገርሽ? ቀጥ ብሎልሽ ነበር እኮ።»

ሙያ በልብ ነው የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን ነው።

«አዲሱንስ አታሳዪኝም?» አለች እናቷ።

«አይሆንም እሱ። እማዬ፣ እኔ ብቀር ምናለ? ቤቱንም የሚጠብቅ…»

«ቤቱ እግር የለው፣ የት ይሄዳል? ይልቅ ልበሺውና ነይ!»

ለብሳው መጣች። እናቷ ውስወሳውን እንድትፈታው አደረገቻትና ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከዘራዋን ወለሉ ላይ ቀጥ አድርጋ አቆመች፤ የሳሙና ስባሪ የያዘ እጇን ከዘራው ላይ አስደግፋ በሌላው እጇ አጥብቃ ያዘችው። እጇ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ከዘራው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እኔ ከዚህ አልነሳም። አንቺ ዙሪልኝ» አለች። «ቀስ እያልሽ።»

መዞር ጀመረች። ሳሙናው ጨርቁን ነካ፣ ነጭ ምልክት ተወ፣ እንደገና ነካ። ግራ ጎኗ ሲመጣ እናቷ እጇን ሰበሰበች።

«ተረከዝሽን አውርጂ።»

«ወርዷል።»

«ልጄ» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል። «እኔ ነኝ እኮ።»

አወረደችው። ወገቧ ወደ ግራ ዘንበል አለ፣ ክሎሹም አብሯት ወረደ፤ እናቷ እዚያው ላይ ምልክት አደረገችበት። ከዚያ ዘበኛዋ ሙሉ እግሯን ወለሉ ላይ አሳርፋ ዞረች። የከሰዓቱ ፀሐይ በሻይ ቀለሙ ጨርቅ ውስጥ ያልፍ ነበር፤ ስትቆም ክሎሹ ትንሽ አልፏት ዞሮ ተመለሰ። እንባዋ ወረደ። ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው።

ምልክቱን ተከትላ ስትቆርጠው፣ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ጠርዝ ሰካራም የሄደበት መንገድ ይመስል ነበር። ገበሩንም ግራውን ለግራ፣ ቀኙን ለቀኝ ለየብቻ አወጣችው፤ ተኛላት።

በሠርጉ ቀን እያነከሰች፣ ክሎሿ ዙሪያውን ከወለሉ እኩል ርቆ፣ እናቷን ደግፋ አዳራሹን ከበሩ እስከ ፊተኛው ወንበር ሄደችው። ቤቱን የጠበቀው ጓጉንቸር ነው።