ስኳር የጠጡ የመብራት ቆቦች

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ሸረሪት» ብሎ ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ! መጀመሪያ ስድብ ነበር፤ እሱን አልዋሽም። ስሙን ያወጣላት ባሏ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ወንበሩ ዳንቴል ለብሶ፣ ሬዲዮው ዳንቴል ተከናንቦ፣ የውሃ ጆጉ ሳይቀር ዳንቴል ደፍቶ ቢያገኘው በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኔ ሚስት ያገባሁ መስሎኝ! ለካ ሸረሪት ነው ያገባሁት?» አለ። እሷ ኪሮሿን ከክሩ ሳታወጣ ቀና ብላ፣ «ታዲያ ምን ቆመሃል? ተቀመጥ፤ የቀረኸኝ አንተ ነህ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ስሙ ተለጠፈባት፤ እሷም እንደ ሹመት ተቀበለችው። ዛሬ በእውነተኛ ስሟ ብትጠሯት ዞር ብላም አታያችሁ።

ባሏ በያጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ሲታገል ይውልና ማታ ዳንቴል የለበሰ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሸረሪት ደግሞ በአንድ የልብስ ንጽህና ቤት ልብስ ትተኩሳለች። ከእንፋሎቱ የተነሳ ፊቷ ሁልጊዜ ወዝ አለው። የማታውቀውን ሰው ሸሚዝ አንስታ አንገትጌውን በሁለት ጣቶቿ ስታሸው፣ ጥጡ ንጹሕ ይሁን ድብልቅ፣ ስንት ታጥቦ እንደደከመ ወዲያው ትነግራችኋለች። ለምሳ ሲወጡ ሌሎቹ ጋደም ይላሉ፤ እሷ ኪሮሿን ታወጣለች።

ቤቷን ብታዩት! የጫማ ካርቶን ነበር ብትባሉ የማታምኑት፣ በመጋረጃ ቁራጭ ተለብጦ ጠርዙ በዳንቴል የተከፈፈ የስፌት ሣጥን። ከአሮጌ ኮት ቁልፍ የተሠራ አበባ የተሰካባቸው የፎቶ ክፈፎች። ከተቀደደ አንሶላ የተገመደ ምንጣፍ። በሰፈራችን ሲያገባ፣ ሲወልድ፣ ሲመረቅ የእሷን እጅ ሥራ ያልወሰደ የለም። ሁሉም «እጅሽ ይባረክ» ይልና ይዞ ይሄዳል። እሷም ደስ ይላት ነበር። አንድ ቀን ግን፣ «እኔ የምለው፣ ይሄ በየቤቱ የተባረከ እጅ የሰው ሸሚዝ ሲተኩስ ሊያረጅ ነው?» አለችኝ።  መልሱን ራሷ ይዛው ኖሯል።

ከቤታችን ወረድ ብሎ፣ ምድር ቤት፣ ጫማ ሰፊ የለቀቃት አንዲት ክፍል ነበረች። መስኮቷ ከክፍሏ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ሸረሪት ጠዋት ስትወጣም ማታ ስትገባም በመስኮቱ አጮልቃ፣ መደርደሪያው የት እንደሚቆም፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ በየት በኩል ብርሃን እንደሚያገኝ በሐሳቧ ስታሰናዳ ትቆያለች። ባለቤቱ ሽማግሌ ታዝበዋት ኖሮ፣ «ልጄ፣ እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ። ቅዳሜ ካልመጣሽ ለሞባይል ጠጋኙ ልሰጠው ነው» አሏት።

ሰበቡም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የአንድ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት የሆኑ ሴትዮ የጠረጴዛ ልብስ ሊወስዱ ንጽህና ቤቱ ሲመጡ ሸረሪት ክርና ኪሮሿን ይዛበት የምትሄደውን ያን የስፌት ሣጥን ያዩታል። ያገላብጡታል፤ ይከፍቱታል፤ ገበሩን በጣታቸው ይዳስሱታል። ከዚያ፣ «መመገቢያ አዳራሼን እያሳደስኩ ነው። አምፖሎቹ ራቁታቸውን ዓይን ይወጋሉ። የዳንቴል ቆብ ትሠሪላቸዋለሽ? ዓርብ አያቸዋለሁ። ካማሩኝ የመኝታ ክፍሎቹንም በሙሉ አንቺው ነሽ» አሏት። የመኝታ ክፍሎቹ ሥራ ከተገኘ ሸረሪት ካውያውን ሰቅላ ክፍሏን መያዝ ትችላለች። ካልተገኘ ክፍሏ የሞባይል ጠጋኙ፣ እሷም የሸሚዝ ናት። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር።

ሥራው ተጀመረ። ባሏ ሽቦውን አጥፎ፣ ክቡን ከክቡ በይዶ የቆቦቹን አጽም አመጣ። እሷ ሽቦውን በቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ ጠመጠመችው። ጥጥ እርጥብ ሆኖ ባዶ ብረት ከነካ ዝገቱ ይወጣበታልና። ከዚያ አበባዎቹን ታወርዳቸው ጀመር። «ታወርዳቸው» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከጣቷ እንደ ዝናብ ነው የሚወርዱት! አምስት አምስት ቅጠል ያላቸው፣ አንዷ ከሌላዋ የማትለይ።

እኔም ከጉጉቴ የተነሳ አላስችል ስላለኝ፣ «እትዬ፣ አንዷን እኔ ልሥራት» ብዬ ሙጭጭ አልኩ።

«አንቺ? አንቺ እኮ ቁልፍ ስትተክዪ ከጣትሽ ጋር ነው የምትሰፊው!»

«አንዲት! አንዲት ብቻ!»

ሰጠችኝ። ላቤ ጠብ እስኪል ለፍቼ አንዲት አበባ አወጣሁ። ስንቆጥራት ቅጠሏ ስድስት ሆነ፤ ስድስተኛው ደግሞ ወደ ጎን ያዘነበለ። ባሏ አይቷት፣ «ይቺስ ጠጥታ የመጣች ናት» አለ። ሸረሪት ግን ሳትፈታ፣ «በጀርባ በኩል አደርጋታለሁ» ብላ ሰፋቻት። ታላቅ እህት እንዲህ ናት!

የቀረው ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ማድረቁ ነው። እዚህ ላይ አክስታችን ይግቡ። ኪሮሽ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ የእሳቸው ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ስኳር። ስኳር በውሃ ይፈላል፣ ዳንቴሉ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ በቅርጹ ላይ ይደርቃል። «በስኳር ያልቆመ ዳንቴል ምኑ ዳንቴል ነው? የታጠበ ካልሲ በለው!» ይላሉ። ሸረሪትም እንደተማረችው አደረገች። ቆቦቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ብርጭቆ ነው የሚመስሉት። በመስኮቱ ሥር ደርድራቸው፣ ስናያቸው ውለን፣ ወደየቤታችን ገባን።

ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ነይ» አለችኝ። ሌላ ቃል የለም። ሸረሪት ነገር ሲያጥራት ሰምቼ ስለማላውቅ ነጠላ ጫማዬን ግራና ቀኙን አቀያይሬ ሮጥኩ።

ጉንዳን! ከመስኮቱ ስንጥቅ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቆብ ድረስ ጥቁር መስመር። ሥርዓታቸው ደግሞ! በአንዱ ቅጠል ይወጣሉ፣ በሌላው ይወርዳሉ፣ መሐል ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ሰላም ይባባላሉ። ንድፉ ለእነሱ የወጣ ነው የሚመስለው።

ባሏ አንዴ አየ፣ ሁለቴ አየ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። «ጉድ ነው! ሸረሪት በጉንዳን ተከበበች!»

«ሳቅህን ጨርስና ባልዲ አምጣ» አለችው።

እኔ ደንግጫለሁ። ዓይኔ ላይ የሚመጣው የተከበረ እንግዳ ሾርባ ሲጠጣና ከላይ ጉንዳን ሲዘንብበት ነው። «እትዬ፣ ለሴትዮዋ ደውዪና በሚቀጥለው ሳምንት በያቸው» አልኳት።

«በሚቀጥለው ሳምንት እኮ ክፍሉ ውስጥ ሞባይል ይጠገናል» አለችኝና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ዳንቴሉን ከሽቦው ፈታን፤ በሙቅ ውሃ ዘፈቅነው። ጉንዳኑም ሄደ፣ ስኳሩም ሄደ፣ ውበቱም አብሮ ሄደ። መልሰን ሽቦው ላይ ብናለብሰው እዚህም እዚያም ተንጠልጥሎ ቀረ። የወለቀ ካልሲ! አክስታችን ያሉት ደረሰ ስል እሳቸውም ደረሱ።

«ስኳሬን ማነው ያጠበው?» አሉ ገና ከበሩ።

«ጉንዳን ወረረው፣ አክስቴ። ይቀመጡ» አለቻቸው።

«ጉንዳን! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በስኳር ሳቆም አንድ ጉንዳን ደጄን ረግጦ አያውቅም!»

«እርስዎንማ ፈርቶ ነው» አለ በያጁ።

«ዝም በል አንተ! አምጪ ስኳሩን፤ አሁንም ይነከር። መርዝ ዙሪያውን እንረጫለን።»

«መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው እኮ የሚሰቀለው፣ አክስቴ። መርዝ ከላይ፣ ሾርባ ከታች?» አለች ሸረሪት።

አክስታችን ተኮሳተሩ። እኔ ሸረሪትን አያለሁ። እሷ አንዱን እርጥብ ቆብ በሁለት እጇ ይዛ ትስባለች፣ ትለቃለች፤ ትስባለች፣ ትለቃለች። ከዚያ ፊቷ በራ። ያን ፊቷን አውቀዋለሁ፤ ከጫማ ካርቶን ሣጥን የሚያወጣው ፊት ነው።

«ጥጥ እርጥብ ሳለ የተሳበበትን ይዞ ነው የሚደርቀው» አለች። «ስንት አንገትጌ እንዲህ ስቤ አደረቅኩ! እንዴት ትዝ አላለኝም? ስኳር ምን ይሠራል? የሚያስፈልገው መወጠር ነው።» ወደ ባሏ ዞረች። «ሽቦዎቹን አስፋቸው።»

«ምን?»

«ዳንቴሉ ሲለብሳቸው እንዲጠብባቸው። ትንሽ ሰፋ፣ ትንሽ ረዘም።»

«ሴትዮ፣ ተበይዶ ያለቀ እኮ ነው! ብረት እንደ ክርሽ የሚፈታ መሰለሽ?»

«እኔ በትዳራችን ስንቱን ፈትቼ ሠራሁ። አንተ አንዴ ብትፈታ ምን ይልሃል?»

እያጉረመረመ ተነሣ፤ እያጉረመረመ ሽቦዎቹን ተሸከመ። ግን ሄደ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፍተው፣ ብየዳቸው ተሞርዶ፣ ገና ሙቀታቸው ሳይበርድ አመጣቸው። «ከዚህ በላይ ከሰፉ አምፖሉ ሳይሆን እኔ ነኝ የምገባባቸው» አለና እጁን ታጠበ።

ጥብጣቡ እንደ አዲስ መጠምጠም ነበረበት። አክስታችን መጀመሪያ እጃቸውን አጣጥፈው፣ «እኔ የለሁበትም» ብለው ተቀምጠው ነበር። የእኔን አጠማጠም ግን ዓይናቸው አልቻለም። «አምጪው ወዲህ! ይሄ ምኑ ነው፣ የተሰበረ እግር ነው የምትጠግኚው?» ብለው ነጠቁኝ። ጣታቸው ከተፈታ ወዲያ ማን ያቆማቸዋል!

ከዚያ ሸረሪት መወጠር ጀመረች። ዳንቴሉን ከላይ ሰፋች፤ ታችኛውን ጠርዝ ይዛ ቁልቁል ሳበች፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ የመዳፏ አጥንት እስኪነጣ። ክሩ ጥጥጥ ይላል።

«ይበጠሳል!» አሉ አክስቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው።

«አይበጠስም። ቋጠሮውን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

 አክስታችን፣ «እሱስ እውነት ነው» አሉና መርፌ አነሱ።

አልተበጠሰም! አበባዎቹ ተከፈቱ እንጂ። እስከዚያ ድረስ ተጣብበው የኖሩ ቅጠሎች አየር ገባባቸው፤ የክሩ መንገድ አንድ በአንድ ታየ። ፀሐይ ላይ አውጥተን ሰቀልናቸው። ሲደርቁ ሸረሪት በጣቷ መታ መታ ስታደርጋቸው እንደ ከበሮ መለሱላት። ታችኛውን ጠርዝ በጥቁር ቀይ ከፋይ ከፈፈችው፤ በከፋዩ ላይ ትንንሽ ዶቃ ረጨችበት። ባሏ ዞሮ ዞሮ አያቸውና፣ «ብየዳዬ ግን አይታይም» ብሎ አኮረፈ። ለማስደሰት አንዱን ገልብጠን ብየዳውን አደነቅንለት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቆቦቹን ይዘን ሄድን። ባሏ መሰላል ላይ ወጥቶ ገጠማቸው። ባለ ማረፊያዋ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል፤ ፊታቸው ምንም አይናገርም። ገና ሳይበራ አንዱን ቆብ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ገባ፤ ተመልሶ ወጣ።

«ምን ቀባሽው?»

«ምንም አልቀባሁትም። ወጥሬው ነው።»

«ስኳር ይቀቡታል ሲባል እሰማለሁ። ጉንዳን አይጠራም?»

እኔ የማየው መሬት መሬት ነው። ባሏ መሰላሉ ላይ ሳል ያዘው። ሸረሪት ቀጥ ብላ እያየቻቸው፣ «ይጠራል፣ እትዬ። ትናንት ጠርቶብኝ አጥቤዋለሁ። ለዚህ ነው የወጠርኩት» አለቻቸው። ሴትዮዋ ቅንድባቸውን አነሱና መጋረጃውን ዘግተው ማብሪያውን ተጫኑ።

እናንተዬ! ግድግዳው አበበ። ሸረሪት በጣቶቿ ጫፍ የሠራቻት አበባ ሁሉ በጥላዋ የሰው ቁመት አክላ ግድግዳው ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ በሴትዮዋ ነጭ ልብስ ላይ ፈሰሰች። እሷ ራሷ አፏን ከፍታ ቀረች። ያን ሁሉ ዓመት ወንበርና ሬዲዮ ስታለብስ ኖራ ሥራዋን በዚያ መጠን አይታው አታውቅም።

ከዚያ ያየሁትን አየሁ። «በጀርባ በኩል» የተባለችው አበባዬ! የመብራት ቆብ ጀርባ እንደሌለው ማናችንም አላሰብንም። ዋናው ግድግዳ መሐል ላይ፣ ስድስት ቅጠሏን ዘርግታ፣ ወደ ጎን አዘንብላ፣ በር አክላ ቆማለች።

ሴትዮዋ ጠጋ አሉ። «ይቺ ዘመም ያለችውስ የማን ናት?»

«የእህቴ ናት» አለች ሸረሪት ሳትሽኮረመም። «ትውጣ ካሉ አሁኑኑ አወጣታለሁ።»

ሴትዮዋ አንገታቸውን እንደ አበባዋ አዘንብለው አዩዋት። ሳቅ አመለጣቸው። «ተዪያት። ወጥ ቤቴ ምግብ ያዘገያል። እንግዳው እስኪቀርብለት እሷን ሲያይ ይቆይ።» ከዚያ ወደ ሸረሪት ዞረው፣ «ለመኝታ ክፍሎቹ ሽቦውን መቼ ታስጀምሪያለሽ?» አሉ።

«ተጀምሯል!» አለ በያጁ ከመሰላሉ ላይ።

ቅዳሜ ጠዋት ሸረሪት ንጽህና ቤቱን ተሰናብታ፣ ለወዳጆቿ የካውያ መያዣ የሚሆን ከቁርጥራጭ የተሰፋ ጨርቅ አድላ፣ ቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄዳ ቁልፉን ተቀበለች። ክፍሏን ጠረግን። ጠረጴዛው ሁልጊዜ በሐሳቧ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመ፤ ብርሃኑም እንዳለችው በግራ በኩል ገባ። ባሏ በሩ ላይ የሚሰቀል ከሽቦ የታጠፈች ሸረሪት አመጣ፤ ብየዳዋ በደንብ እንዲታይ አድርጎ።

አክስታችን መጨረሻ መጡ። ዙሪያውን አዩ፣ መስኮቱን በጣታቸው ነካ አድርገው አቧራ ፈለጉ፣ አጡ። ከዚያ ከቦርሳቸው አንድ ከረጢት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ስኳር ነው። ሁላችንም ዓይናችንን እሱ ላይ ተከልን።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አሉ። «ለሻይ ነው!»

ሸረሪት እየሳቀች ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ጣሳ ፈለገች።